በገዛ ዋይፋዬ አልተመዘገብኩም

ጎረቤት ለጎረቤት የማያውሰው ነገር የለም። ሙቀጫ ያውሳል፣ ወንፊት ያውሳል፣ ድግስ ሲመጣ ትልቁን ብረት ድስት ያውሳል፣ ሲቸግርም ሶፋ ለማውጣት ሚስት የገዛ ባሏን ታውሳለች። ድሮ ክብሪት ብርቅ በነበረበት ዘመን እሳት ሳይቀር ከጎረቤት ይጫር ነበር ትለኝ ነበር እናቴ፤ ሰጪው ከምድጃው ምንም ስለማይጎድልበት «የለኝም» የሚል አልነበረም። እኔም በዕድሜዬ ስንት አውሻለሁ! መሰላል አውሼ አንድ መርገጫው ተገንጥሎ ተመልሶልኛል። ድስት አውሼ ያለ ክዳኑ መጥቶልኛል። ምንም አላልኩም፤ መኖር ነው። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ድስቴን የተዋሰ ሰው ድስቱን ቆልፎብኝ ሲያበቃ፣ «ከዚህ ድስት ለመብላት መጀመሪያ መመዝገብ አለብሽ» ቢለኝ ምን እላለሁ? አብዷል እላለሁ። ይሄን ያለኝ ሰው ግን አላበደም። ጤነኛ ነው፣ የተከበረ ነው፣ በሠርግም በለቅሶም ከፊት የሚቀመጥ ሰው ነው። ያናደደኝም እሱ ነው፤ እብድማ ቢሆን በጸሎት ይድናል።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መምህርት ነኝ፤ ቀበና በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምኖረው መሪ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ስለሆነ ከቤት ይልቅ ካምፕ ያውቀዋል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና ልጄ ሜላት ነን። ሜላት በሥነ ሕንፃ ተመርቃ ሥራ ፈላጊ ከሆነች ሰንብታለች። የዛሬ ሥራ ደግሞ እንደ እኛ ጊዜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ አይፈለግም፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት፣ ፈተናው በኢንተርኔት፣ «እናዝናለን» የሚለውም በኢንተርኔት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ተበራታትተን ዋይፋይ አስገባን።

ሁለት ቀንድ ያላትን ያቺን ነጭ ሳጥን፣ ራውተሯን፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የሰቀለልን ባለሙያ ሲወጣ እንዲህ ብሎን ነበር፦ «ሁለት የይለፍ ቃል አላት። አንዱ ኢንተርኔቱን የምትጠቀሙበት ነው። ሌላኛው ውስጧ ገብቶ አሠራሯን ለመቀየር ነው፤ እሱ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው ያለው፣ ማንም አይነካውም።» እኛም ማንም የማይነካውን ነገር ላለመንካት ተስማማን። አሁን ነው የገባኝ። የመጀመሪያው የበር ቁልፍ ነው፤ ሁለተኛው የቤቱ ካርታ ነው። ሰውየው ቁልፉን በእጃችን ሰጥቶን፣ ካርታውን በሩ ላይ ለጥፎልን ነው የሄደው። ከፋብሪካ የሚመጣው ቃል የሁሉም ሳጥን አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ቪዲዮ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ማን ይነግረን?

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ የቤት ኅብረታችን እኛ ሳሎን ይሰበሰባል። አንዲት እህት የመዝሙር ግጥም በስልኳ ለማውጣት ፈልጋ የይለፍ ቃሉን ጠየቀችን፤ ሰጠናት። ለመዝሙር እንዴት ይከለከላል? ከዚያ በኋላ ግን ቃሉ እኛ ከምንሰብከው ወንጌል ፈጥኖ ተሰራጨ። ደረጃ ላይ የማላውቃቸው ወጣቶች ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኝ ጀመር። በራችን ፊት ለፊት፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። በረንዳዬ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከታች «ዛሬ ዘገየ እኮ!» የሚል ድምፅ ሰምቼ ልብሱን የሚሉኝ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ወርቅነህ ግን የመጡት በክብር ነው። እሳቸው የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው፤ ቤታቸው በእኛው ሥር፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ከመጋዘናቸው አንዲት ምስማር ያለ ፊርማ ወጥታ አታውቅም ይባላል። በራችንን አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ዜና እንኳ ለማየት ከከበደሽ ተይው» አሉኝ። ምን ይከብደኛል! ቃሉን ነገርኳቸው። «ጌታ ዕድሜ ይስጥሽ» ብለውኝ ወረዱ። እኔም የጽድቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር።

ክረምት ነበር፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ። ሜላት ከስንት «እናዝናለን» በኋላ አንድ ውጭ አገር ያለ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ቀጠሮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በቪዲዮ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ቆማ ከራሷ ጋር እንግሊዝኛ ስታወራ ሰነበተች። ዕለቱ ሲደርስ ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ ለበሰች፤ ካሜራው ከወገብ በታች አያሳይም ብላ ከሥር የቤት ሱሪና ነጠላ ጫማ አደረገች። ላፕቶፑን ከፈተች። ከዚያ የኔትወርኮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ፈለገች።

«ማሚ፣ ዋይፋያችን የለም።»

«መብራት ጠፋ እንዴ?»

«መብራትማ አለ። ስሙ ነው የሌለው።»

መጥቼ አየሁ። የእኛ ኔትወርክ ስሙ «ሜሉ ቤት» ነው፤ ራሷ ናት ያወጣችለት። የለም። በቦታው፣ በሙሉ ጉልበት፣ «የብሎኩ ኮሚቴ» የሚባል ተቀምጧል። ሜላት የይለፍ ቃላችንን ሞከረችበት፤ እንቢ አላት። ሳጥኗን ከሶኬቱ ስትነቅላት «የብሎኩ ኮሚቴ» ከስክሪኑ ጠፋ። መልሳ ስትሰካት ተመልሶ መጣ። እናትና ልጅ ተያየን። ኮሚቴው የሚኖረው እኛ ግድግዳ ላይ ነው!

የሞባይል ዳታስ አትሉኝም? ሞከርነው። የእኛ ቤት ፊቱ ለሌላ ብሎክ ጀርባ የተሰጠ ስለሆነ ስልክ ለማውራት እንኳ በረንዳ መውጣት አለባችሁ። በረንዳው ላይ ደግሞ ዝናቡ ይወርዳል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጋሽ ወርቅነህ በፒጃማቸው ላይ ኮት ደርበው ከፈቱልኝ።

«ጋሽ ወርቅነህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእኛ ዋይፋይ ስሙ ተቀይሮ ‹የብሎኩ ኮሚቴ› ይላል...»

ፊታቸው በራ። «አየሽው? ትናንት ነው የጨረስኩት። ብዙ ተደክሞበታል!»

«ምኑ?»

«ጥበቃው ነዋ! ልጄ፣ ነገሩ እኮ ተልከስክሶ ነበር። የወጣው የገባው ይጠቀማል፤ ቁጥጥር የለ፣ ሥርዓት የለ። እኔ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። ቪዲዮ እያየሁ አጠናሁት፤ የውስጥ መግቢያ ቃሏ እኮ ከፋብሪካ እንደመጣች ነበረች! አደጋ ነው። ወዲያው ቀየርኩት።»

ቪዲዮውን በማን ኢንተርኔት እንዳዩት አልጠየቅኩም። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

«ጥሩ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ አዲሱን ቃል ይንገሩኛ፣ ልጄ ቃለ መጠይቅ አለባት።»

«ቃሉ ብቻውን ምን ያደርግልሻል?» አሉ በአስተማሪ ትዕግሥት። «እያንዳንዱ ስልክና ኮምፒውተር እንደ መኪና ሰሌዳ ያለ የራሱ መለያ አለው። ያ መለያ ያልተመዘገበ ዕቃ ቃሉን ቢያውቅም አይገባም። ኮሚቴው የሚያውቀው ብቻ ነው የሚገባው።»

«እኛስ?»

«እናንተ?» ትንሽ አሰቡ። «እናንተማ አልተመዘገባችሁም።»

«ጋሽ ወርቅነህ፣ እኔ እኮ ባለቤቷ ነኝ! ሳጥኗ ያለችው እኔ ሳሎን ነው!»

«ማን አይደለሽም አለ?» አሉኝ፤ ከልባቸው ተገርመው። «ባለቤትነት ሌላ፣ ምዝገባ ሌላ።»

ወንበር ስበው ላፕቶፓቸውን ከፈቱና ትናንት ጽፈው ያስቀመጡትን የተመዝጋቢዎች ዝርዝር በኩራት አሳዩኝ። የሳቸው ስልክ አለ። ላፕቶፓቸው አለ። የባለቤታቸው የእትዬ አስናቀች ስልክ አለ። የብሎኩ ዘበኛ ስልክ አለ። ከሁሉም ሥር ቴሌቪዥናቸው አለ። ቴሌቪዥን! ቴሌቪዥን ተመዝግቦ እኔ አልተመዘገብኩም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ግን አጥሬ ተነቅንቆ ብቻ አልቀረም፤ ተነቅሎ፣ በአዲስ መልክ ታጥሮ፣ እኔ ውጭ ቀርቻለሁ።

ሜላትም ላፕቶፗን ታቅፋ በነጠላ ጫማዋ ወረደች። ጋሽ ወርቅነህ መለያዋን ሊያስገቡ መነጽራቸውን ፈለጉ፤ መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። የሳጥኗን የውስጥ መግቢያ ቃል ጻፉ፣ ተሳሳቱ። ደግመው ጻፉ፣ ተሳሳቱ። «ትናንት ይሄው ነበር እኮ» እያሉ ደጋግመው ሲሳሳቱ ሳጥኗ ለጊዜው ማንንም አላስገባም ብላ ዘጋችባቸው። ደግ አደረገች፤ ግን ባትቸኩል ኖሮ ጥሩ ነበር። ሜላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ኩሉ እንዳይበላሽ ወደ ጣሪያ ቀና አለች።

ጋሽ ወርቅነህ ያን ጊዜ ደነገጡ። እውነቴን ነው፤ የሰው ልጅ እንባ ሲያዩ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። «ነይ፣ ነይ ልጄ፣ በእኔ ኮምፒውተር አድርጊው፣ እሱ ተመዝግቧል» ብለው ቦታቸውን ለቀቁላት። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የቁርስ ሳህን አነሱ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፉ፣ መጋረጃውን ሰበሰቡ።

እንዲህ ሆኖ ልጄ፣ በእኔ ኢንተርኔት፣ በሰው ሳሎን፣ በሰው ኮምፒውተር ተፈተነች። በሰው ምድር ልጇን ትድር ሲባል እሰማ ነበር፤ በገዛ ምድሯ ልጇን እንግዳ አድርጋ የምትድር ስትኖር ግን የመጀመሪያዋ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እኔ በሩ ጥግ፣ ጋሽ ወርቅነህ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምን። ሜላት መጀመሪያ ቃላቱን እየቆጠበች መለሰች። ስለ ንድፎቿ መናገር ስትጀምርማ እጆቿ ራሳቸው ሕንፃ ይሠሩ ጀመር።

መሀል ላይ በሩ ብርግድ አለ። እትዬ አስናቀች ናቸው። ወሩ የገባበት ቀን ስለነበረ እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው፣ ጠበላቸውን በቢጫ ጀሪካን ይዘው፣ ዝናብ እያንጠባጠቡ መመለሳቸው ነው። «እናንተ ቤቶች! ኧረ ያ ዳገት ጉልበቴን ገደለው!» ጋሽ ወርቅነህ በእግራቸው ጣት እየሮጡ ሄደው የሚስታቸውን አፍ በመዳፋቸው ከደኑ። እትዬ አስናቀች መዳፉን አስለቀቁ፤ ሜላትን አዩ፣ ስክሪኑ ውስጥ ያሉትን ሰዎች አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ከዚያ በዝግታ ከኋላዋ መጥተው፣ በካሜራው ሙሉ ዕይታ ውስጥ፣ ከጀሪካኑ ትንሽ ጠበል በእጃቸው ቀድተው ረጩአት። ሜላት፣ ጸጉሯ ላይ ውሃው እየተንጠባጠበ፣ ጎረቤቷ መልካም ዕድል እየተመኙላት መሆኑን በእንግሊዝኛ አስረዳች። ስክሪኑ ውስጥ ሳቅ ሆነ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ግን የዚያን ዕለት ያንን ውሃ ለመቃወም አቅሙም ሐሳቡም አልነበረኝም።

ሲያልቅ ተነሥተን ወጣን። በሩ ላይ ዞሬ ለጋሽ ወርቅነህ «አመሰግናለሁ» አልኳቸው። ሰማችሁ? እኔ ነኝ አመሰግናለሁ ያልኩት! ደረጃው እኩሌታ ላይ ስደርስ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ፤ ተመልሼ ቃሌን ልቀበላቸው ምንም አልቀረኝም።

በዚያው ዕለት ሳጥኗን ከግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ከጀርባዋ ሳጥኗን ከፋብሪካ እንደመጣች የምታደርግ፣ መርፌ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ሜላት የጆሮ ጌጧን አውልቃ በቀጭኑ ጫፍ ተጭና ያዘችው። መብራቶቿ ሁሉ ጠፍተው እንደገና በሩ። የኮሚቴው አገዛዝ በጆሮ ጌጥ ወደቀ። ወዲያው ውስጧ ገባንና መጀመሪያ ያንን «ማንም አይነካውም» የተባለውን የፋብሪካ ቃል ነካነው፤ ረጅም፣ ሆሳዕና ያለችው አያቴ ብቻ የምታውቀውን አንድ ነገር የያዘ ቃል ሰጠነው። የመጠቀሚያውንም ቀየርን። የምንላላከውን ከሰው ዓይን የሚሰውረውን የምስጠራ ዓይነት ሜላት ካሉት ሁሉ ጠንካራውን መረጠች። ቁልፍ ተጭኖ ያለ ቃል የሚያስገባ አቋራጭ ነበራት፤ ዘጋነው። እኔ በቁጣ «ሌላስ? ሌላስ ምን ይዘጋል?» ማለቴን ባላቆም ኖሮ እኛኑም የሚያስገባ ቀዳዳ ባልቀረ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ሜላትን ቢሮው ቀጠራት። ሥራዋ ከቤት ነው። የደንበኞች ንድፍ ምስጢር ስለሆነ የቤትሽ ኔትወርክ የተጠበቀ መሆን አለበት ብለውም አስጠነቀቋት። እልል ብዬ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ በረንዳ ወጣሁ። ከታች የመለሰልኝ እልልታ ግን የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእትዬ አስናቀች።

ሌላው አኩርፏል። ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኝ የነበሩት ወጣቶች አሁን ደረጃ ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን ያያሉ፤ ምን እንደሚያዩበት አላውቅም፣ ኢንተርኔት የለውም። «ድሮ ጥሩ ሴት ነበረች» የምትል ጎረቤት አለች ተባልኩ፤ ድሮ ማለት እንግዲህ ባለፈው ወር ነው። ረቡዕ ዕለት ደግሞ ያቺው የመዝሙር እህት በገዛ ሳሎኔ፣ የገዛ ምንጣፌ ላይ ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ የተዘጋ ሁሉ ይከፈት! የተጨበጠ እጅ ይዘርጋ!» ብላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ጸለየች። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም አሜን አልኩ፤ ምን ልበል? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። በመጨረሻ ሜላት መላ አመጣች። ሳጥኗ ከዋናው የተለየ የእንግዳ መስመር ማውጣት ትችላለች፤ ራሱን የቻለ ስምና ቃል አለው፣ ወደ እኛ ኮምፒውተሮች አያደርስም፣ ፍጥነቱም ይወሰናል። ከፈትንላቸው። ማግስቱን በራችን ተንኳኳ። አመሰግናለሁ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈገግ ብዬ ከፈትኩ። ሰውየው ከአራተኛ ፎቅ ነው የመጣው፦ «እህት፣ ይሄ የእንግዳው ለምንድነው የሚዘገየው? እኛ ከእናንተ በምን እናንሳለን?»

ፈገግታዬን ይዤ በሩን ዘጋሁት።

ጋሽ ወርቅነህ ግን አላኮረፉም። ነገሩን የቆረጡት በራሳቸው መንገድ ነው፤ የራሳቸውን ዋይፋይ አስገቡ። በዚያው ሰሞን በራችንን አንኳኩተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ፤ መጥተሽ ጥበቃውን አስተካክይልኝ። የዚህ ኮንዶሚኒየም ሰው አይታመንም» አሉኝ። ሳይስቁ ነው ያሉኝ። በዓይናቸው ውስጥ ስለዚያ ጠዋት አንዳች ነገር ፈለግሁ፤ አንዲት የይቅርታ ብልጭታ፣ አንዲት እፍረት። የለም። ንጹሕ ሰው ናቸው፤ ያደረጉት ሁሉ ለሥርዓት ነው።

ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ እትዬ አስናቀች ልጄን አጥምቀውልኛል። ሳጥኗን ከፈትኩላቸው፣ ስሟን አወጣንላት፣ ጠንካራውን ምስጠራ መረጥኩላቸው፣ አቋራጩን ዘጋሁላቸው። ሁሉንም ከልቤ ሠራሁት። በመጨረሻ የፋብሪካውን ቃል የሚለውጡበት ቦታ ላይ ደረስንና ላፕቶፑን ወደሳቸው ገፋሁት።

ጋሽ ወርቅነህ ጣታቸውን አዘጋጅተው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ፊትሽን እስቲ ወደዚያ አዙሪልኝ። በክፉ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው።»

እትዬ አስናቀችን አየሁ። እሳቸው ወለሉን አዩ። ዞርኩ። መስኮቱ ላይ ዓይኔን ተከልኩ፤ በብሎኮቹ መሀል ባለው ክፍተት የእንጦጦ ኮረብታ ግማሹን በደመና ተከናንቦ ይታያል። ጋሽ ወርቅነህ ከኋላዬ በአንድ ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። እንዳይሳሳቱ እያንዳንዷን ፊደል ጮክ ብለው እየጠሩ።

ፊቴን አዞርኩላቸው። ጆሮዬን ግን የት ልውሰደው?